ሁለት ደቂቃ

ሙሐረቅ፣ ከአሮጌው ገበያ በጀርባ፣
ከወርቅ ቤቱ ኋላ፣ ፀሐይ በማትገባ
በጠባቧ ጓዳ ውዬ አመሻለሁ እኔ፣
አጉሊ መነጽር ተጣብቆ ካይኔ።
ሻጂ ካጠገቤ ባትሪ ይቀይራል፣
ሲቸኩል ያፏጫል፣ ሲያፏጭ ይሰብራል።

ሚያዝያ ሁለት ቀን፣ መብራት ሲበራ፣
ሐጂ ዑበይድ ገባ በከዘራ እየተመራ፤
የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ከመስታወቱ ላይ
አኖረው በቀስታ፣ እንደ ሞላ ሻይ።

ፊቱ ላይ ስም የለም፤ ፋብሪካ አያውቀውም፤
የሠራው ብቸኛ ነው፣ ረዳት የለውም፤
በረዶ ከከበበው ከተራራ መንደር
በዓመት አራት ሰዓት፤ አምስተኛ አይጨመር።
ወሬው ደርሶኝ ነበር፤ ዓይኔ ግን አላየ፤
እጄን ሁለቴ አጠብኩ፤ ሻጂ እያሾፈ ቆየ።

በገጹ ወገብ ላይ ክብ መስኮት አለች፣
በመስኮቷም ውስጥ አንዲት ፍሬ ትዞራለች፤
አንዱ ጎኗ ሉል ነው፣ አንዱ ጥቁር ድንጋይ፣
ሲነጋ ነጯ ናት፣ ሲመሽ ጥቁሯ ከላይ፤
በመሃሉ ደግሞ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣
ግማሽ በግማሽ ነች፣ ቆማ ስትጠብቅ።

«ሉሉ ያባቴ ናት፤ ጠልቆ ነው ያወጣት፣
አበዳሪው ሳያይ ለእናቴ የሰጣት፤
የሰዓቱ ሠሪ ከፍሎ ግማሹን እዚህ ሰካ፣
ሌላው ግማሽ ለእሱ ቀረ፤ ዋጋው በዚያ ተለካ።»

ልጁ ጃሲም መጣ፣ ስልኩን እያሳየ፤
«ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ይሄ አንድ ይላል፤ ታየ?
ስድስት ሰዓት ስቷል፤ አባቴም አርጅቷል፤
ጠግነው፣ ወይ ይሸጥ፤ ገዢ ተገኝቷል።»
ሽማግሌው ዝም። የከዘራውን ጫፍ
ምንጣፉ ላይ ገፋው፣ አንዳች ነገር እንደሚጽፍ።

ያስተማረኝ ዘርጋው፣ ከኮምቦልቻ ፖስታ ቤት ጥግ፣
«ሳትከፍተው ስማው» ይል ነበር፤ ሌላም የለው ሕግ።
ጆሮዬን ጣልኩበት። ይሄዳል። አልተንተባተበም።
ከፈትኩት። ጥርሶቹ ሙሉ፣ አቧራ እንኳን አልገባም።
አጭሯ ቆጣሪ አንድ ላይ፤ ረጅሟ ሁለት ደቂቃ አልፋ፤
ፍሬዋም ጥቁር ለብሳ፣ ነጭ ጎኗን ወደ ውስጥ አጥፋ።

አንድ ሰዓት። ከምሽቱ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ደሴት ስኖር፣
ስድስት ስቀንስ፣ ስድስት ስደምር፣
አንዴ አውሮፕላን አመለጠኝ በዚችው ስድስት ሳቢያ፣
ሻንጣዬን ታቅፌ አደርኩ ከአየር ማረፊያ።
ይኸው ዛሬ ብረት በእናቴ አፍ ተናገረኝ፤
መነጽሬን ጉም ያዘው፤ ለማየት ቸገረኝ።

«ደህና ነው» አልኩ። «እንዴት?» አለኝ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ፤
የኔን ርካሽ ሰዓት ከሐጂው ጎን አቀረብኩ።
አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት ከሁለት።
ሽማግሌው አጎነበሰ፣ አፍንጫው ሊነካኝ ጥቂት ቀረለት።
«እኛም ድሮ» አለኝ፣ «ጀምበር ባሕር ስትሰምጥ፣
ያ ነበር አሥራ ሁለታችን፤ ቀን በቀን የሚለወጥ።
ዛሬም አዛን ሲሰማ አስተካክለዋለሁ፣ በየምሽቱ አንዴ፤
አንተን ማን አስተማረህ?» «ተወልጄበት!» አልኩት፣ «እንዴ!»

ጃሲም ስልኩን ይዞ ወጣ፣ ከገዢው ጋር ሊያወራ፤
ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ሻጂ ያፏጫል በተራ።
«ሁለቱን ደቂቃ ላርመው?» ብል፣ ሐጂ ሳቀ፤
«የጀምበር ናት፤ አትንካት» ብሎ ሰዓቱን አጠለቀ።

በሰኔ ይራራቃሉ፣ ግማሽ ሰዓት ይሞላል።
ያኔም ደህና ነው እላለሁ። ያኔስ ማን ያምነኛል?