የዘሀራ እብሬ ሰባ ሳንቲም

ጥር ሃያ ስድስት ነው፥ ፔሮል አልተዘጋም፤
ኮምቦልቻ ተኝታ፥ ፈትል ክፍል አልተኛም።
ቦርከና ከአጥሩ ሥር ዝቅ ብሎ ያልፋል፤
የካልኩሌተሬ ቁልፍ በጣት ተበልቷል፥
አምስትን ስነካው አንዳንዴ ይደግማል።

ተራ ቁጥር ሠላሳ ሰባት፥ ዘሀራ እብሬ፤
ማሽን ሦስት ላይ ናት፥ ከካቻምና እስከ ዛሬ።
ደመወዟ አራት ሺህ አንድ መቶ ስድሳ ብር
ለሁለት መቶ ስምንት ሰዓት ሲመነዘር
ሃያ ብር ይወጣል፥ ያለ አንዲት ሽርፍራፊ፤
እንዲህ ያለ ቀና ቁጥር እዚህ ቤት እንግዳ ነው፥ አላፊ።

የቀን ትርፍ ሰዓቷ አሥራ ሁለት ሞልቶ
ሦስት መቶ ስድሳ፥ በአንድ ተኩል ተባዝቶ።
የሌሊቱ ስምንት በአንድ ከሰባ አምስት፤
ሁለት መቶ ሰማንያ፥ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ዋጋ ማለት።

ወለላ ለጥምቀት ላስታ ሄዳ ነበር፤
ዘሀራ ገባችላት፥ ሳታንገራግር።
ለአረፋም ወለላ ገብታላት ነበርና፥
የሚበዳደሩት በዓል ነው፥ ብር አይደለምና።
የፈረቃው አለቃ ግን «ተራ ትርፍ ሰዓት» ብሎ
ሁለት መቶ አርባ ጽፏል፥ ሕጉን ዘሎ።
በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ፤
የሥራ አስኪያጁ ፊት ታየኝ፤ ቢሆንም ሰረዝሁ፥
አራት መቶ አልሁ።

ጠቅላላው አምስት ሺህ ሁለት መቶ ደረሰ፤
ደስታው አንድ መስመር ነው፥ ከዚያ ተቀነሰ፦
ግብር ሰባት መቶ ሠላሳ ሰባት ከሃምሳ፥
ጡረታ ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ከሃያ፥
የሠራተኛ ማኅበር አርባ አንድ ከስድሳ፥
ዕድር ሠላሳ ብር፥ ሞት ወር አይዘልምና፥
ብድርና ቁጠባ አምስት መቶ፥ የቆርቆሮው ዕዳ አላለቀምና።
የተጣራ፦
ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ከሰባ።

በሠላሳው ጧት መስኮቴ ሥር ቆመች፤
ፖስታውን ቆጠረች፥ ደግማ ቆጠረች።
«ሰባ ሳንቲሙስ?»
«ዝርዝር የለም» አልኋት፥ እንደ ወትሮዬ።
«አምናም አልነበረም። እኔ ግን ጽፌዋለሁ፥ ወላሂ።»
ከሻርፗ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤
የልጇን ደብተር ቅዳጅ ዘረጋች።
ሃያ ሦስት ወር፥ ሳንቲም በሳንቲም፥ በእርሳስ፤
ድምሩ አሥራ አንድ ብር ከአርባ።
ደመርሁት። አልገጠመም።
እንደገና ደመርሁት፤ አምስቷ ደግማ ኖሯል።
የሷ ልክ ነበር።

ከኪሴ አሥራ ሁለት ብር ሰጠኋት።
«ስድሳውን ሳንቲም በየካቲት ቀንስብኝ» አለች፥
እስክጽፈው ድረስም ቆማ ጠበቀች።

ልትሄድ ዞራ ተመለሰች።
«ይኸ አራት መቶ የጥምቀቱ ነው?»
«ሕጉ ነው» አልኋት፥ ደረቴን ነፋ አድርጌ።
«አብሽር፥ ደግ አረግህ። የወለላስ? የአረፋው?»

ወለላ ተራ ቁጥር አርባ አንድ ናት።
አረፋዋ በተራ ትርፍ ሰዓት አልፏል፤
ከግርጌው ያለው ፊርማ የኔ ነው።

የዚያ ወር ፋይል ከመደርደሪያው አናት ላይ ነው።
ወንበር ጎተትሁ።