የተዋስነው ሞተር

«ሰኔ ከመግባቱ በፊት ትመልሱልኛላችሁ፤
መጥረጊያ የሌለው መኪና አልነዳም፣ ሰማችሁ?»
ጋሽ ደበላ ነው ይህን ያለን፣ እጁ ግራሶ እንደጠጣ፣
የመጥረጊያው ሞተር ተፈቶ ከመስታወቱ ስር ሲወጣ።
ከመቂ ሽንኩርት ሲያመላልስ የኖረ አሮጌ አይሱዙ፣
ቀለሙ ረግፏል፤ የሞተሩ ግን አልነጠፈም ገና ወዙ።
በፌስታል ጠቅልለን፣ በባጃጅ፣ እንደ ሕፃን ታቅፈን፣
በአዳማ ቀትር፣ በአዳማ አቧራ መሃል አልፈን፣
ወርክሾፕ ገባን።

ሮቦታችን «ፍልፈል» ይባላል። ስም ያወጣችው ሲፈን ናት፦
«አንገቱን ደፍቶ ይግባ፤ ከስር ነው የሚነሳው ጉልበት።»
ገላው የውሃ ታንከር ክዳን፣ ጎማው ከሻንጣ የተፈታ፣
ሰንሰለቱ የልጅ ብስክሌት። አካፋውን ከፍ፣ ዝቅ፣ በአንድ አፍታ
የሚያደርገው የሽንኩርት ሞተር።
ባትሪዎቹ ብቻ አዲስ ናቸው፤ ለጥንዱ ስንል ሦስት ወር
ቁርሳችን ፓስቲ ነበረ፣ ምሳችንም የፓስቲ ዘር።

ኦብሳ ይበይዳል። ብየዳው እንደ ቁስል ስፌት ጎርባጣ፤
«መልክ አይደለም የምሸጠው» ይላል፣ «እስኪ ይሞክሩት፣ ከወጣ!»
እኔ ሽቦ አገናኛለሁ። ጣቴ ላይ ሦስት ጠባሳ አለ፣
የሊድ ካውያ ነው ሁሉም፤ መብራቱ ሄዷል እየተባለ፣
ተዘናግቼ ስነካው፣ ሳይነግረኝ መጥቶ ያቃጠለ።

ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ ተርባይኖቹ ቀይ ዓይናቸውን ይጠቅሳሉ፤
ከነፋስ መብራት ያልባሉ፤ ለማን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።
እኛ ጋ ጨለማ ነው። በስልክ መብራት ብሎን ስንለቅም
ሲፈን ትስቃለች፦ «ፍልፈል እኮ መብራት አይጠይቅም።»

*

ግንቦት አጋማሽ፣ ቅዳሜ። አዳራሹ ሞልቶ ፈሰሰ፣
የሜዳው ዙሪያ ወፍራም መስታወት፣ ወለሉ ብረት ለበሰ።
መጀመሪያ የገጠመን «ጊንጥ» ነበር፤ ጅራቱን እንደሰቀለ
ፍልፈል ከስሩ ገባ፤ ያ የሽንኩርት ሞተር አንዴ እህ አለ፣
ጊንጥ በጀርባው ተንጋለለ።
ሁለተኛው ሳንነካው በገዛ ጭሱ ታፈነ፤
ፍጻሜው ከሐዋሳዎቹ፣ ከ«አባ ኮዳ» ጋር ሆነ።

ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ላንቃሞ የሚባል ልጃቸው
መጣ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፦ «ባትሪያችን ሞተ፤ ትርፍ አላችሁ?»

ነበረን። አንድ።
ኦብሳ እኔን አየኝ፣ እኔ ሲፈንን አየሁ፣
ሲፈን ማንንም አላየችም፤ «ሙሉ ነው» ስትል ሰማሁ፣
«ቀዩን ሽቦ ብቻ ተጠንቀቅ።»
እውነቱን ልናገር፦ እኔ ብቻዬን ብጠየቅ፣
«የለንም» ነበር የምለው፣ ፊቴ ላይ ምንም ሳይታወቅ።

አባ ኮዳ በእኛው ባትሪ ስለት ምንቃሩን አሽከረከረ፣
በመጀመሪያው ምት የፍልፈል ግራ ጎማ በረረ፤
በሁለተኛው ሰንሰለቱ። ሦስተኛው
የኦብሳን ብየዳ አገኘው፤ ብየዳው እንዳለ ቀረ።
ፍልፈል በአንድ ጎማ ባለበት ዞረ፣ ዞረ፣
አካፋውን አነሳ፣ አየር አነሳ። ዳኛው እስከ አስር ቆጠረ።

አዳራሹ ጮኸ። ጥሩ ጩኸት ነበር፣ ለእኛ ባይሆንም።
ላንቃሞ ባትሪውን ሲመልስ ገና እንደሞቀ ነው፤ ምንም አላልንም።
ማግኔት በገመድ አስረን ወለሉን ስንጎትት፣ የእነሱም የእኛም
ብሎን አብሮ ተጣብቆ ወጣ፤ የማን የማን እንደሆነ አልለየንም።

*

ሰኔ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተሩን ወሰድንለት።
ጋሽ ደበላ አገላበጠው። አዲስ ስንጥቅ አየበት፤
በአውራ ጣቱ ዳሰሰና፦ «ይሄንን ደግሞ ማን መታው?»
«አባ ኮዳ» አለ ኦብሳ። ሳቀ፣ መልሶም አሰረው ከቦታው።

ዛሬ በሞጆ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ አቧራው ሸተተ፣
ከዚያ ዝናቡ በጎሚስታው ቆርቆሮ ላይ ባንዴ ተከፈተ።
ከታዛው ስር ቆሜ ሳለሁ፣ ሽንኩርቱን ሸራ አልብሶ
አይሱዙው አለፈ፤ መጥረጊያው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ መልሶ፣
መሃል ላይ ትንሽ ነቅነቅ ይላል፣
ጊንጥ የገለበጠ ክንድ አሁን ውሃ ይገለብጣል።

ቆሜ ቆጠርኩ። እስከ አስር።
አልቆመም።