በሒሳብ ደብተር ጀርባ

ከፊት በኩል ሒሳብ ነው፤
የጎማው ሉህ ብዛት፣ የአሲዱ ዋጋ፣ የሚዛኑ ኪሎ፣
የፓላው ነጋዴ ምን ያህል እንደከፈለ፣ ስንት እንዳስቀረ አታሎ።
ከኋላ በኩል ግን፣ ደብተሩን ገልብጬ፣
እሑድ እሑድ ማታ ከአምፖሉ ሥር ተቀምጬ፣
ጠዋት የሰማሁትን ምንባብ በእጄ እጽፈዋለሁ፤
ያልገባኝ ቃል ሲኖር አሰምርበታለሁ።

ብዙ አሰምራለሁ።

እጄ ብዕር አይለምድም፤ የሚያውቀው ቢላዋ ነው።
ሌሊት በአሥር ሰዓት፣ ባትሪ ግንባሬ ላይ አስሬ፣
ከሚናቺል ወንዝ ማዶ፣ ዛፍ ለዛፍ ዞሬ፣
ቅርፊቱን በስሱ ገፈፍ አድርጌ ስበጣው፣
ወተቱ በቦዩ ወርዶ ኮኮናት ቅል ውስጥ ጠብ ሲል ስሰማው፣
ጸሎቴ እዚያ ነው። ለአንድ ዛፍ አንድ ቃል።
ሦስት መቶ ዛፍ አለኝ፤ ሲነጋጋ ያልቃል።

ቢላው ከጠለቀ ዛፉ ይቆስላል፤ ከሳሳም ምንም አይፈስም።
ምንባብም እንደዚሁ።
ይህን ቄስ ጊቫርጊስ አልሰበኩትም፤
እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ሆሳዕና ሰሞን፣ በእርሳስ።

ሌሎችም ገጾች አሉ፦
«ያ በእኩለ ሌሊት የጎረቤቱን በር ያንኳኳው ሰውዬ፣
እኔ ቤት ቢመጣ አልከፍትም ነበር። አትታዘበኝ ጌታዬ።»
«ቁርባና ላይ አንቀላፋሁ። ስለ ጨው ነበር መሰለኝ።»
«አንዷን ፍለጋ ሲሄድ ዘጠና ዘጠኙን በግ ማን ጠበቀ?
ማንም አይነግረኝ።»

ከዚያ ሰኔ ገባ። ዝናቡ ከባሕር ተነሥቶ፣
ኮረብታውን ሁሉ ውጦ፣ ጣራውን መታው በርትቶ።
ሲዘንብ ዛፍ አይበጣም፤ ቢላው ግድግዳ ላይ፣ ቅሉ በየግንዱ ተደፍቶ፣
ሰው ከገዛ ሐሳቡ ጋር በአንድ ክፍል ተዘግቶ።

በዚያ እሑድ ምንባቡ ስለ መባ ነበር፤
ይዘኸው ስትሄድ የወንድምህ ቅሬታ ትዝ ቢልህ፣
ከመሠዊያው ፊት ተወው፣ ይቅደም መታረቅህ።
ማታ ደብተሩን ገለበጥኩና «ወንድም» ብዬ ጻፍኩ።
ከዚያ በላይ አልሄድኩ።

ሦስት መቶ ዛፍ አለኝ ብያለሁ ቅድም። አይደለም።
ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ነው።
አሥራ አንዱ የኩሩቪላ፣ የእናቴ ልጅ።
ኩዌት ሥራ ላይ ሳለ ያዝኳቸው፣ «እስክትመለስ» ብዬ፤
ሲመለስ ግን «የአባባ ቃል ነው» አልኩት፣ ድንበሩን ተከልዬ።
አራት ዓመት በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣
እሱ በወንዶቹ፣ እኔ በሴቶቹ ወገን፣
ሰላምታ ከእጅ ወደ እጅ ሲያሳልፍ ምእመን፣
እጄ እሱ ጋ ስለማትደርስ አመሰግን።

ይህን ምንባብ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ።
ሁልጊዜ ለጆሮዬ «ወንድምሽ ቢበድልሽ» ይል ነበር።
በእጄ ስጽፈው፣ ፊደል በፊደል ስለቅመው ግን፣
በዳዩዋ ማን እንደሆነች
ከእኔ ቀድማ እጄ አወቀች።

ያን ሌሊት ጣራው አፈሰሰ።
ጠብታው ደብተሩ ላይ አርፎ፣ የፊቱ ቀለም ወደ ኋላ ሰረገ፤
ከጸሎቴ መሐል ያንን የማላውቀውን ሒሳብ አየሁት፦
አሥራ አንድ ዛፍ፣ በየቀኑ፣ በየወሩ፣ በእጄ ጽሕፈት።
ለካ ደብተሩ አንድ ነው፣ ጌታ ሆይ።
ሌላ የምለው አልነበረኝም።

የመጨረሻው ገጽ ይኸው፤ ያለ ሥርዝ ያለ ድልዝ፦
«ማክሰኞ። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ሄድኩ።
ኩሩቪላ የለም፤ ለዓይኑ ኮታያም ሐኪም ቤት ወርዷል።
ሚስቱ ሶሳማ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ ከፀጉሬ ውኃ ይወርዳል።
ግቢ አላለችኝም።
ገባ ብላ ፎጣ አምጥታ ሰጠችኝ።

ፎጣውን መመለስ አለብኝ።»