ነጭ ጾም

«አርባ ስምንት ሰዓት» አለች ዶክተር ኢፍቱ፣ ጓንቷን እያወለቀች፤
«ቀለም ያለው ነገር እንዳይነካሽ» ብላ ወረቀት አስጨበጠች።
ቡና የለም። ሻይም። ቀይ ሥር፣ ድልህ፣ እርድ፣
ሎሚ፣ ኮካ፣ አምቦ፣ የማቀዝቀዣ ብርድ።
«ነጭ ሸሚዝሽ ላይ ቢፈስ የማይለቅ
አፍሽ ውስጥ አይግባ፤ በዚህ ነው የሚታወቅ።»
«እንቁላልስ?» አልኳት። «ነጩን።»
«ውሃስ?» «ውሃማ፣ ጠጪ የፈለግሽውን።»

ከክሊኒኩ ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፤
በግራም በቀኝም መጋረጃ አጣሁ።
የአዳማ ነፋስ፣ ስንት ዘመን የማውቀው፣
አቧራ አንሥቶ ሰው ዓይን ላይ የሚደፋው፣
ዛሬ ድድ ለመደ፤ ከንፈሬን ሰንጥቆ
እንደ መርፌ ወጋኝ ሥሬ ድረስ ዘልቆ።
ጥርሴን ነክሼ እንዳልችለው የሚያመኝ ጥርሴ ነው፤
«ቀስ በል» ብል ሾፌሩን፣ በነጠላ ታፍኖ ድምፄ የት ሊሰማው።

ማታ ለብ ያለ ውሃ፤ ለስላሳ ብሩሽ።
(«ድስት አይደለም የምታጥቢው፤ ክብ ክብ እያልሽ።»)
እንደ አራስ ልጅ ገላ በጣቴ ጫፍ ዳበስኩት፤
መስታወቱን ጠርጌ ደግሜ አየሁት።
ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፤ ልብ ሲያለቅስ እየሳቀ፤
የእኔ ግን ዛሬ ነው ባዳነቱ የታወቀ፦
ሰው ቤት እንደ መጣ እንግዳ ተደርድሮ ተቀምጧል፤
ስስቅለት ይስቃል፣ ዝም ስለው ይጠብቃል።
ሁለት ነቁጥ አልለቀቀም፤ ፊት ለፊት፣ የጤፍ ፍሬ ያህል፤
ይቆዩ አልኩ፤ ምስክር ያስፈልጋል አይደል?
የማስታገሻውን ሳሙና ቀብቼ፣ ሳልጉመጠመጥ ተኛሁ፤
ሌሊት ምራቄን ስውጥ እንኳ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ነቃሁ።

ወንጂ ነው የተወለድኩት፤ አገዳ መሀል፣ ካምፕ ውስጥ።
ሰው ስኳሩ ነው ይላል። ስኳሩ አይደለም የሚለውጥ፤
ውሃው ነው። ከጉድጓድ የወጣ፣ ብርጭቆ ላይ ጥርት ያለ፣
አፋችን ውስጥ ግን ሻይ ሆኖ የዋለ።
መታወቂያ አንጠየቅም፤ ስንስቅ ቀበሌያችን ይነበባል።
ፎቶ ቤት ነው ሥራዬ። «ፈገግ በሉ» እላለሁ፤ ሙሽራው ፈገግ ይላል፤
እኔ ካሜራው ጀርባ፣ ግራ እጄ አፌ ላይ፣
ሃያ ሰባት ዓመት ሳቄን ሰው ሳያይ።

በነጋታው አንድ ሰውዬ መጣ፣ ሊነሣ የፓስፖርት ፎቶውን።
«ልሳቅ እንዴ?» አለኝ።
«ጥርስ አይታይም» አልኩት፣ በመዳፌ ሥር ሆኜ።
እጄ አልሰማችም ለካ፤ ማን ይንገራት መንጣቱን።

ደግሞ ይሄ የምን ጾም ነው፣ ወተት ተፈቅዶ ሽሮ የተከለከለ?
ቄሱም ሼሁም ግራ ይጋባሉ፤ ማን ነው እንዲህ ያለ?
ሩዝ። እርጎ። ሩዝ። የቡላ ገንፎ፣
መሀሉ ቅቤ ብቻ፣ በርበሬው ታልፎ።
ብርቄ ጎረቤቴ ቀይ ወጧን በሳህን ይዛ ብትመጣ
ሽታውን በላሁት። ሽታ ጥርስ አያቀልም።
ክዳኑን ከፍቼ፣ እንፋሎቱ ተሟጦ እስኪወጣ።

በሦስተኛው ቀን ወንጂ ወረድኩ።
አባዬ በረንዳ ላይ መፋቂያውን ይዟል፤ ጎንበስ ብዬ ሳምኩ።
«እስቲ» አለኝ። እጄ እንደ ልማዷ ወደ አፌ ስትነሣ
ያዝኳትና ሳቅሁ፤ ያለ ጣት፣ ያለ አበሳ።
ብዙ አየኝ። እኔ ሰው እንደማይ፣ በካሜራ።
«የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ፤ ቀልዱን ነው።
ስቆም ሳይጨርስ፣ እጁ፣ ያ ገጀራ ያሻከረው፣
ቀስ ብሎ ተነሥቶ አፉን ከደነው።

በዕድሜዬ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም።
«ውሃ ልስጥሽ?» አለ፣ በጣቶቹ መሀል።
ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩ። ውሃ ተፈቅዷል።
ስለ እጁ ምንም አልተጻፈም።