ቀረጻ

በጥቅምት ብርድ መጣ ቪንኮ፣ ቶርኖ ቤቴ ድረስ፣
የጠመንጃ መነጽሩን ጠቅልሎ በሱፍ ልብስ፤
ከኪሱም የክብሪት ቀፎ የምታክል ካሜራ።
«አጋባልኝ» አለ፣ «ይቺን ከዚህ ጋራ።»

እኔ የርነይ ነኝ፤ ብረት ቆራጭ። አደን አልወድም።
ከቦሂን ሐይቅ በላይ ካለው ገደል ወጥቼም አላውቅም።
«ለምንህ ነው?» አልኩት።
ዝም አለ። የብረት ፍቅፋቂ በጫማው እየገፋ፣
«የማርየታ ጉልበት እምቢ አለ» አለኝ፣ ድምፁ እየጠፋ።
«አርባ ዓመት አብራኝ ወጥታለች፣ ንጋቱን አብራኝ አይታለች፤
አሁን መስኮት ስር ተቀምጣ ‹ምን አየህ?› ትለኛለች።
ምን አየሁ ልበላት? ፍየል። ጭጋግ። ድንጋይ።
አፌ ላይ ሲደርስ ያንሳል፤ እሷው በዓይኗ ትይ።»

መጀመሪያ ከእንጨት ሠራሁት፣ ለዓይን ያማረ፤
በመጀመሪያው ተኩስ ለሁለት ተሰበረ።
የተገኘው ፊልም ሰማይ ብቻ ነበር፣ ሰማይና ጉም፣
ከዚያም የቪንኮ ስድብ፤ እሱን ለማርየታ አላሳየንም።

ሁለተኛውን ከአሉሚኒየም፣
በፀጉር ስፋት፣ በፀጉር ስፋት እየላጥኩ፣
ካሜራዋ ከመስታወቱ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ርቃ እንድትቆም አደረግኩ።
ትንሽ ከቀረበች ጥቁር ጥላ ዙሪያውን ይበላዋል፣
ትንሽ ከራቀች ዓለሙ ሁሉ ሽንብራ ያክላል።
አራት ብሎን፣ የላስቲክ ማሰሪያ፣ የጥርሱ ክር ልስልስ፣
ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲራገጥ የማይነቃነቅ፣ የማይፈርስ።
እኔ ካሜራዋን የሚይዝ ቀለበት ቀረጽኩ፤
እሷ ደግሞ ንጋቱን ትቅረጽ አልኩ።

«ሳትኩ!» አለኝ ቅዳሜ፣ «በዚህ ዕድሜዬ፣ በመቶ ሃምሳ ሜትር!
ቀለበትህ ከብዶ ነው።»
ሌሊቱን ስመዝነው አደርኩ፤ መቶ አርባ ግራም ነበር።

እሑድ ማታ፣ የጎመን ሾርባ ሽታ በሞላው ወጥ ቤት፣
ነዣ፣ የልጅ ልጃቸው፣ ቴሌቪዥኑን ስትከፍት፣
ክብ ሆኖ መጣ ንጋቱ፣ እንደ ጉድጓድ ውኃ ጠርቶ፣
በመሃሉ መስቀለኛ ክር ተዘርግቶ፤
ከክሩ ማዶ የገደል ፍየል፣ ቀንዱ እንደ መንጠቆ የታጠፈ፣
የትንፋሹ ጉም ከአፍንጫው የተንሳፈፈ።
«እዩት! እዩት!» ይላል ቪንኮ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ፤
ጎረቤቱ ሉድቪክ የቀንዱን ቀለበት ይቆጥራል አፍጥጦ፤
እኔ፣ ምን ልደብቅ፣ የራሴን ቀለበት አያለሁ፤
ጥላ የለም፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው። በሆዴ ኮርቻለሁ።

ማርየታ ግን ፍየሉን አላየችም።

ሠላሳ ሁለት ዓመት አዋላጅ ነበረች፣
በሰው ሆድ ላይ ጆሮዋን ጥላ ያልታየ ልብ ስትቆጥር የኖረች።
«አቁሚው» አለች። «ነዣ፣ ወደ ኋላ መልሺው።»
«ፍየሉን?»
«ፍየሉን ተይው። ክሩን እዪው።»

ክሩ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ በቀስታ፣
በቪንኮ ደም፣ በትከሻው ትርታ።
ማርየታ በጣቷ ጠረጴዛውን መታች፦
«አንድ። ሁለት። ሦስት።
አንድ። ሁለት።

ሦስቱ የት አለ?»

ማንም አልመለሰም።
ሾርባው ገነፈለ፤ ማንም አልተነሣም።
ከዚያ ተኩሱ፤ ከዚያ ባዶ ድንጋይ፣ የፍየሉ ኮቴ ድምፅ።
ሁላችንም አፍጥጠን ነበር፤ ያየን ግን አልነበርንም፤
ልቡ እፊታችን ተሰቅሎ፣ እኛ ልብ አላልንም።

ሰኞ፣ በዚያው በታመመ ጉልበቷ፣ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤
ደረቱ ውስጥ እንደ ሰዓት የምትቆጥር ነገር አስገብታ መለሰችው።
«ይቺን ማን ቀረጻት?» አለኝ ቪንኮ፣ ስፌቱን እየነካካ፣
«ካንተ የተሻለ ቶርኖ አለው፣ ለካ!»

ቀለበቱ አሁን መስኮታቸው ላይ ነው፣ የቁልፍ ማስቀመጫ ሆኗል።
ፊልሙን ግን አላጠፉትም።
አንዳንድ ማታ ማርየታ ትከፍተዋለች፣
ፍየሉ ሊዘል ሲል ታቆመዋለች፣
ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፤
ቪንኮ አጠገቧ ሶፋው ላይ እያንኮራፋ፣
አንድ እጇ ደረቱ ላይ፣
የሌላው ጣት ጠረጴዛው ላይ፣
በፊልሙ የጎደለችውን ምት
ከመዳፏ ስር ስትጠብቃት።