ሰርዝ የሚለው ቁልፍ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከነጭ ሽንኩርት ተራ፣
በሦስት ሰዓት ቀጠሮ ካንዲት ነጋዴ ጋራ፣
ደረስኩኝ በባጃጅ፣ ከማራኪ ወርጄ፣
ቅጼን በብብቴ፣ ሰዓቴን በእጄ።
ሁለት ዓመት ሙሉ የደከምኩበት መዝገብ፣
ዱቤ የሚቆጥር፣ የሚደምር፣ የሚያነብ፣
ስልኬ ውስጥ ተኝቷል። አማካሪዬ ናቸው ያሉኝ፦
«ቤተ ሙከራ ውስጥማ ሁሉም ነገር ይሠራል፤
ውሰደው ገበያ፤ አቧራው ያርምሃል።»

ስሟ ይታይሽ ነው።
እኔም እየደጋገምኩ የምጠይቃት ያው፦
«ይታይሻል ጽሑፉ? ይታይሻል ቁልፉ?»
ሣቀች፤ ጎረቤቶቿም በሣቅ ተደፉ።
«ወይ አንተ! እናቴ በስሜ መርቃኝ፣
አንተ ደሞ መጣህ በስሜ ልትፈትነኝ?»

ተግባር አንድ፦ መዝግቢ። «የገደፋው ሚስት፣ ሁለት ኪሎ፣ ዱቤ።»
ነካች፣ ደገመች፣ ሠለሰች፤ ስልኩ ግን ዝም አለ፣
የሃያ ዓመት ገበያ የጠረበውን ጣት፣ ጣት ነው አላለ።
ምራቅ አስነክታው፣ በነጠላዋ ጠርጋ፣
ነካችው እንደገና፤ ተከፈተ፣ ነጋ።
ጻፍኩ፦ «ሰባ ሁለት ሴኮንድ»። እኔ ነበርኩ የወደቅሁት፤
ቅጹ ግን ዓምድ የለውም ለሠሪው ስሕተት።

ተግባር ሁለት ደኅና። ሦስትም ደኅና።
ኔትዎርኩ ጠፋ፤ ተመለሰ እንደገና።
«መረጃሽ አይጠፋም፤ ደመና ላይ ነው» ስላት፣
ወደ ጎሃ ተራራ አንጋጣ አየች፤ ጠርቷል ሰማዩ፣ አንድም ደመና የለበት።
ምንም አልተናገረች።

ተግባር አራት፦ ሰርዢ የማይከፈል ዕዳ።
ቆመች አንድ ስም ላይ፣ እንደ ደጅ እንግዳ።
«አስናቀው ጉልላት፣ መቶ ሰማንያ ብር።
ከአዘዞ በጋሪ ከሰል የሚያመጣ ነበር።
ክረምቱን ወስዶ በልቶ፣ ‹ለመስቀል› ብሎኝ ሄደ፤
መስቀል ሳይጠባ እሱ መቃብር ወረደ።»

ሰዓቴ ይቆጥራል። ሠላሳ። ስድሳ። መቶ አምሳ።
ደንቡ «አትርዳ» ይላል፤ አፌ ታሰረ፣ ሆዴ ሳሳ።

«ሰርዝ ማለት» አለች፣ «አልነበረም ማለት ነው?
ታዲያ ያንን ሁሉ ሽንኩርት ማን ነው የበላው?
ሰው እኮ ነው ልጄ፣ የሰል ምልክት አይደለም፤
ሞቷል፣ አልከፈለም፤ አልነበረም ግን አልልም።
ነፍስ ይማር እላለሁ። ብሩንም ምሬዋለሁ።
‹ምሬዋለሁ› የሚል ቁልፍ ካለህ እነካለሁ።»

የለኝም።
አሥራ አራት ቁልፍ ሠርቻለሁ፤ ያንን አልሠራሁም።

ማታ ከዶርሜ ሆኜ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ፣
«ተግባር አራት፦ አልተፈጸመም» ብዬ ሞልቼ፣
ልዘጋው ስል ቃሏ መጣ። ይማር ያለችው
ማንን ነው?
ከሰል ሻጩን ብቻ? ወይስ ሁለት ዓመት
ተማሪ ተብዬ፣ ሳልማር የከረምኩትን ሰው?

ሰርዝን ሰረዝኩት። ለመጨረሻ ጊዜ ነው የነካሁት።
አሁን ስሙ ከነቀኑ፣ ከነብሩ ይቀራል፤
ከጎኑ አንዲት ቃል፦ «ተምሯል»።

አማካሪዬ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፦
«ይህ ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤
ተጠቃሚ ያደናግራል።»
«ጎንደር ላይ?» አልኳቸው። መነጽሩ ወረደ። ሣቁ፣ ፈረሙ።

በሳምንቱ ይታይሽ ቃሏን
ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ በጣቷ ተከትላ፣
አነበበች። ነካች።
ቅጹ ላይ ያሰፈርኩት፦ ሁለት ሴኮንድ።
ያላሰፈርኩት፣
ጣቷን ከአስናቀው ስም ላይ እስክታነሣ የቆየችውን ነው።