ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ከሰዓት። ቦታ፦ ደሴ፣ ከሆጤ በላይ ያለው አዳራሽ።
አጀንዳ፦ የምርጫው ስልት ይለወጥ ወይስ እንዳለ ይቆይ።
የተገኙ፦ አርባ አንድ ሰዎች። ጸሐፊ፦ እኔ።

በሰባራው መስኮት የጦሳ ጉም ገብቶ፣
ኋላ ወንበር ይዟል፣ እንደ ሰው ተጎልቶ።
ስሙን አልጻፍኩትም፣ ድምፅ የለውም ብዬ፤
እስክሪብቶ አሞቅኩ በትንፋሽ ጠቅልዬ።

ሰሌዳውን ጠርጎ ጠመኔ አነሣና፣
መምህር አራጋው ዐሥር ክብ ሣለና፣
«አራቱ ለአንዱ ነው፣ ሦስት ሦስት ለሁለቱ፤
በአራት አሸነፈ፣ የሱ ሆነ ቤቱ።
አብላጫ ድምፅ የምንለው ይኸው ነው፣ በቃ»
አለ። ኮቱን አራገፈ ከጠመኔው ደቃቃ።

ወይዘሮ ዘይነባ፣ ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሰፍሩ፣
ጣታቸው እንደቀላ ከመሀል ተናገሩ፦
«ልጄ፣ ስድስቱስ? ስድስቱ የት አደሩ?
እኔ ቁና ስሰፍር፣ ከአፉ የፈሰሰው
መሬት ላይ አይቀርም፣ ለቃሚ አለው፣ ሰው፤
አንጓልዬ፣ ነፍቼ፣ ከጆንያው እመልሰው።
እናንተ ምን ዓይነት ስፍር ነው የያዛችሁት፣
ስድስት እፍኝ ሰው ለነፋስ የሰጣችሁት?»

ሹፌሩ አበጋዝ ቁልፉን አሽከረከረ፣
ወረፋ ይዞበት ቸኩሎ ነበረ፦
«ሐረጎን ታውቃላችሁ፤ አንድ ጎኑ ገደል ነው፤
መሪ አንድ ካልሆነ ማን ነው የሚያዞረው?
አራቱ ይያዙት፣ ሌላው ይቀመጥ፤
ሁሉም ‹በዚህ› ሲለኝ መኪናው ይገልበጥ?»

አዳራሹ ሣቀ።
(ይህን አልጻፍኩም። ሣቅ በቃለ ጉባኤ አይያዝም።)

ኮምቦልቻ ፋብሪካ አድራ በፈረቃ፣
መሬማ ተነሣች እንቅልፏን አንቃ፤
ከሹሩባዋ ላይ ጥጡ እንደተጣበቀ፦
«ጋሼ፣ መሪው ላንተ፤ አልነካም፣ ያዘው።
‹ወራጅ አለ!› ስል ግን ማን ነው የሚሰማው?
ሂሳብ የከፈልን ዐሥራችንም ነን፤
ስድስታችን ጮኸን፣ ሰፈር አሳለፍከን።»

አበጋዝ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

አቶ ታጀበ፣ ጡረተኛው የፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ፣
መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ፦
«ቆይ እስቲ፣ ተመጣጣኝ ውክልና ባላችሁት
ሰው አይደለም፣ ዝርዝር ነው የምትመርጡት።
ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውሃ ሲጠፋብኝ
የማንን በር ላንኳኳ? ማን ይክፈትልኝ?
ዝርዝር በር የለውም።»

ወይዘሮ ዘይነባ እንኳ ዝም አሉ።
(ዝምታም አይጻፍም። እኔ ግን ከኅዳጉ ላይ አንዲት ነጥብ አኖርኩ።)

«እጅ እናውጣ» ተባለ።
እጁ በምን ስልት እንደሚቆጠር የጠየቀ የለም፤
ከኋላ አንድ ሰው ሳለ፣ ምናልባት ጉሙ ነው።

ይለወጥ፦ ዐሥራ ዘጠኝ።
ይቆይ፦ ዐሥራ ስድስት።
ድምፀ ተዓቅቦ፦ አምስት።
አብላጫ ብቻውን እንዳይበቃ
በአብላጫ ተወሰነ።

«ሃያ አንዱስ?» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ፣
ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ፣ ለማንም ሳይሆን።

ብቻዬን ቀርቼ ደመርኩ። አርባ።
ደግሜ ደመርኩ። አርባ።
የስም ዝርዝሩ አርባ አንድ ይላል።
ማን ነው ያልተቆጠረው ብዬ
ከላይ እስከ ታች በጣቴ ወረድኩ፣
ከግርጌው የራሴን ስም አገኘሁት።
እጆች ሁሉ ሲወጡ አንዱ ይጽፍ ነበር።

ፒያሳ ስደርስ ጉሙም አብሮኝ ወጣ፤
የአበጋዝ ታክሲ ቆሟል፣ የሚሞላው እስኪመጣ።
«አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይጮኻል ረዳቱ፣
ይንኳኳል በመዳፉ የበሩ ቆርቆሮ ደረቱ።
መሬማ በመስታወቱ በኩል ራሷን ጥላ
ተኝታለች፣ ከነጥጧ።
ሐረጎን ወርደው ቤቷ ሲደርሱ
‹ወራጅ አለ› የሚልላት ማን ይሆን?

እጄን ከኪሴ አወጣሁ።
ቀለም ነክቶታል፣ በርዶታል።
ብትወጣ ኖሮ ለየትኛው ነበር የምትወጣው ብዬ
እስካሁን አልጠየቅኩትም።